አውራ ጣቴ ያላረፈበት ወረቀት

ለልጄ ለሸዋንግዛው ወልደሰንበት
አሰብ ወደብ

ልጄ ሸዋንግዛው፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ውሃው ጨው ነፋሱ እሳት ነው የሚሉት አገር አካልህን እንዴት ይዞታል? ትበላለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛ ሥላሴ ይመስገኑ አለን። እኔ ከጉልበቴ በቀር፣ እናትህ ከዓይኗ በቀር ደህና ነን። እህትህ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ፤ ቡናው አብቧል።

ይህን የሚጽፍልኝ ነስሩ ነው፤ መቱ ገበያ ጫፍ ጨውና ሳሙና የሚሸጠው ጉራጌ፣ ታውቀዋለህ። ሲጨርስ ወረቀቱን ይዤ ወደ መሪጌታ ወልደ የሱስ ሄጄ አስነብበዋለሁ። አንዱ እስላም፣ አንዱ ክርስቲያን፤ ከአንድ ማዕድ አይቀርቡም፣ ተማክረው አያታልሉኝም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንዲህ ካላደረገ በገዛ ቃሉ ይሸጣል። ነስሩ ይህን ሲጽፍ ይስቃል። ይሳቅ።

ጥር ላይ የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። መጀመሪያ ያነበበልኝ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ነው። አባቴ ሆይ፣ ጓዶች የሚያመጡልህን ወረቀት ፈርምላቸው፣ ላንተም ለኔም ይበጃል ይላል አለኝ። ከራሱ አፍ ያወጣው መስሎኝ ወደ መሪጌታ ወሰድኩት፤ እሱም ያንኑ አነበበ። እንግዲህ ጽሑፉ ያንተ ነው። ግን ልጄ፣ አንተ አባባ ብለኸኝ እንጂ አባቴ ሆይ ብለኸኝ አታውቅም። የእናትህን ዓይን አልጠየቅህም። ደግሞ ደብዳቤህ የደረሰኝ ጥር ላይ ነው፤ ወረቀቱ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ የካቲት ሲገባ ነው። እኔ ያላየሁትን ወረቀት አንተ አሰብ ሆነህ በምን አወቅኸው? ስትጽፍ ከኋላህ የቆመ ሰው ነበረ? ወይስ ማንም ሳይቆምብህ ጻፍከው? ሁለተኛው ይብስብኛል።

ወረቀቱን ያመጣው ፉፋ የሚባል ካድሬ ነው። የዳሪሙ ልጅ ነው፤ አባቱን አውቃለሁ፣ ደህና ሰው ነበር። በመጪው መስከረም አብዮቱ አሥር ዓመት ይሞላዋልና የአገሩ ገበሬ ታሪክ በመጽሐፍ ይወጣል፣ የእርስዎም ስም ይገባል አለኝ። አንብበው አልኩት። በነሐሴ 1946 ዓ.ም. ባላምባራስ ይመኑ ጭሰኛቸውን ኩምሳን ሶር ወንዝ ዳር በጥይት ገደሉት፤ ጭሰኛው ወልደሰንበት ሊያስጥለው ገብቶ አርባ ተገረፈ ይላል። ከታች ለአውራ ጣቴ ባዶ ቦታ ትተውልኛል። ቀለሙንም ይዞ ነው የመጣው።

እኔ ጭሰኛ ሆኜ አላውቅም፣ የባላምባራስ ጭቃ ሹም ነበርኩ አልኩት። አባባ፣ ትሕትና አያብዙ አለኝ። ጭቃ ሹምነት ከመቼ ወዲህ ነው ትሕትና የሆነው? አንዱም ቃል አልሆነም ብዬ ብነግረው፣ እውነት እኮ መደብ አላት፣ ለጭቁኑ የምትበጀው ናት እውነት አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልጅዎ ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ሊላክ ስሙ ተይዟል፤ የጭሰኛ ልጅ ሆኖ ቢሄድ ይሻላል ወይስ የጭቃ ሹም ልጅ ሆኖ ቢቀር? አለኝ። እንዲህ ያለው ሰው ቀለሙን ባያመጣም የመጣበት ይገባኝ ነበር።

አሁን የምነግርህን ካንተም ከእናትህም ደብቄ ኖሬአለሁ።

ያን ጊዜ ባላምባራስ ጎሬ ነበሩ። ጥይት የሚባል አልተተኮሰም። ፍልሰታ ነው፤ ሶር ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ለጾሙ ፍቺ ለባላምባራስ የሚላክ ሁለት ጉንዶ ማር ነበረ። ቶሎ ይድረስ ብሎ ያዘዘኝ የለም፤ ከሌሎቹ ጭቃ ሹሞች ቀድሜ ላስደስታቸው ብዬ ነው። ኩምሳን ተሸክመህ ተሻገር አልኩት። ወንዙን አየ፣ እኔን አየ። ጋሼ፣ ዛሬ ወንዙ ክፉ ነው፣ ለነገ ይደር አለኝ። ሦስት ሰዎች ቆመው ነበርና በሰው ፊት እምቢ መባል አንገበገበኝ። ቀሚስ ላስመጣልህ? አልኩት። ሰዎቹ ሳቁ። ኩምሳ ገባ። መሐል ሲደርስ ማሩ ቀድሞ ሄደ፣ እሱ ተከተለ። በሦስተኛው ቀን ከመሻገሪያው በታች የዛፍ ሥር ይዞት አገኘነው። ኩምሳን የገደልኩት እኔ ነኝ።

ሰክሮ ነበር ብዬ አወራሁ። ለዳኛውም፣ ለባላምባራስም፣ ለሚስቱ ለዲንቄም ያንኑ ነገርኩ። የሳቁት ሦስቱም አዎ ሰክሮ ነበር አሉ፤ ዛሬ አንዳቸውም የሉም። ወረቀትም ቀለምም አላስፈለገኝም፤ ጭቃ ሹም ከተናገረ አገሩ ይቀበላል። ስለዚህ ፉፋ ታሪክ ለወጠ ብዬ የምጮህበት አፍ የለኝም። እኔ ቀድሜዋለሁ። እሱ የኔን ውሸት አንስቶ የራሱን ሊተክልበት ነው፤ የሱ ደግሞ እኔን ጀግና ያደርገኛል። ልጄ፣ የሚያስፈራው ይኸ ነው። የሚያዋርድህን ውሸት ለመጣል ማንም ይበረታል።

መሪጌታን፣ ለድሃ ተብሎ የሚዋሽ ውሸትስ? ብዬ ጠየቅሁት። መጽሐፉን ገልጦ፣ በፍርድ ለድሃውም አታድላ የሚል አነበበልኝ። ከራሱ ጨምሮበት እንደሆን ብዬ ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። ያው ነው። ጌታም ራሱ እውነት እኔ ነኝ ብሎ የለም? እንግዲህ እሷን ላጣምም ብል እጄ የሚያርፈው ማን ላይ ነው?

በዚሁ በያዝነው ሁዳዴ ወደ ዲንቄ ሄድኩ። ደጇ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። ቆሜ ነገርኳት። ቀና ሳትል፣ ኩምሳ በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ የማይቀምስ ሰው ነበር፤ ሰክሮ ነው ስትለኝ ያኔውኑ ውሸትህን አውቄአለሁ አለችኝ። ልጄ፣ ዲንቄ ሠላሳ ዓመት እርስዎ ስትለኝ ኖራ ያን ቀን አንተ አለችኝ። ልጆቼ የሰካራም ልጆች እየተባሉ አደጉ፤ አሁን ደግሞ ጥይት ልትጨምርበት ነው? አለች። አልጨምርም አልኳት። ለኔ ምን ትነግረኛለህ፣ ውሸቱን ለሰው እንደተናገርክ ይኸንንም ለሰው ተናገር ብላ ጎመኗን ይዛ ገባች። ይቅር በይኝ ልላት ነበር፤ አንገቴ እምቢ አለኝ።

ባለፈው ረቡዕ የማኅበሩ ስብሰባ ነበር። ፉፋ ቀለሙን ሲከፍት ተነሣሁና ለአንተ የነገርኩህን ሁሉ ተናገርኩ። ማንም አልገባኝም እንዳይል በኦሮምኛ ተናገርኩት። ባላምባራስም ደግ ሰው እንዳልነበሩ ተናግሬአለሁ። ሰው ያስገርፉ ነበር፤ ጅራፉን የያዝኩት እኔ ነኝ። በሠሩት ይከሰሱ፣ ባልሠሩት አይከሰሱ አልኩ። ዲንቄ ከሴቶቹ መሐል ነበረች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትሰማለች። ፉፋ መዝገቡን ዘጋና፣ አባባ አርጅተዋል፣ ቃላቸው አይያዝም አለ። ከኋላ አንዱ፣ ሲዋሽ ጎልማሳ ነበር፣ እውነት ሲናገር ጃጀ! ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

አሁን የምጠረጥረውን ልንገርህ። በዚያ ወረቀት የሌላ ሰው ጣት አሳርፈውበት የኔ ነው ይላሉ። የኔን አውራ ጣት አንተ ታውቀዋለህ፤ ገጀራ የሰነጠቀው ጠባሳ ከመሐሉ አቋርጦ ያልፋል። ከዚህ ደብዳቤ ግርጌ አትሜልሃለሁ። መጽሐፉ አሰብ ከደረሰ አስተያየው። ይህንንም ለፖስታ አልሰጠሁትም፤ ቡና የሚጭን ሾፌር በእጁ ያደርስልሃል። ከፍቶት እንደሆን ማሸጊያውን እየው።

የጀርመኑ ነገር በኔ ምክንያት ይቀርብህ ይሆናል። ብትቆጣ ተቆጣ። የሚሄደው የወልደሰንበት ልጅ ይሁን እንጂ እነሱ የፈጠሩት ሰው ልጅ እንዲሆን አልፈቅድም። ያ ደብዳቤ ከልብህ ከሆነ በግልጽ ጻፍልኝ፤ ከልብህ ካልሆነ ደግሞ አባባ ብለህ ጻፍልኝ፣ ይገባኛል።

ይህን የመጨረሻውን የማስጽፈው ከመሪጌታ ዘንድ ተመልሼ ነው። ከላይ አንድ ስርዝ ታያለህ። እኔ፣ ኩምሳን የገደልኩት እኔ ነኝ ብል፣ ነስሩ፣ በኔ ምክንያት ሞተ ብሎ ጽፎት ኖሯል። ሳፋጥጠው፣ ጋሼ፣ ለልጅ እንዲህ አይጻፍም፣ አዝኜልዎ ነው አለኝ። ሰርዝ አልኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ግን ከፉፋ ይልቅ እፈራዋለሁ።

እናትህ ሽብሬ ሰምታለች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ ዛሬ ግን ለልጄ ዓይኔ ተሽሎኛል በሉልኝ ብላለች። አልተሻላትም። እህትህ ጥሩ ከነሕፃኑ ሰላም ትልሃለች። መሪጌታ እግዚአብሔር ይጠብቅህ ይልሃል። ነስሩም ተቀይሞኛል፣ ቢሆንም ሰላም ይልሃል። ዲንቄ ሰላም አላለችህም። ዛሬ ጠዋት ግን በደጃችን ስታልፍ ቆማ፣ ልጅህ ደህና ነው? ብላ ጠየቀችኝ። ደህና ነው አልኳት፤ እውነት መሆኑን አንተ ጻፍልኝ።

አባትህ ወልደሰንበት
(የአውራ ጣት አሻራ)
መቱ፣ ኢሉባቦር
መጋቢት 17 ቀን 1976 ዓ.ም.