ድምፅ የሌላት አውሮፕላን

የካቲት 5፣ ሰኞ

የኋላ ጎማዋ ዛሬም ተንጋደደ። ለሦስተኛ ጊዜ ቆርጬ በየድኩት። ስማኝ ደብተሬ፣ መርሳ ከተማ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይድ ሞልቷል፤ በፔዳል የምትሄድ አውሮፕላን የሚበይድ ግን እኔ ብቻ ነኝ። ወንበሯ ከተጣለ ባጃጅ፣ ካቴናዋ ከራሴ ሳይክል። ክንፏ ላሜራ፤ የልጅ እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙን አጥፌዋለሁ።

የልጄ የሀያት ናት። ሰባት ዓመቷ ነው። ሰማይ ላይ የአውሮፕላን ድምፅ ከሰማች አልጋ ሥር ነው የምትገባው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ትምህርት ቤት ከዴስክ ሥር ጎትተው አወጧት። ሰው የሚነዳውን አይፈራም ብዬ ጀመርኩ። እናቷ ዘሃራ፣ በር ያዘዘህ ሰው እየጠበቀ አንተ ትጫወታለህ ትላለች። እውነቷን ነው። አላቆምም።

የካቲት 8፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

አፍንጫዋ ላይ ያለችው ውልብልቢት ዞረች! ፔዳሉ ሲረገጥ ጎማውም እሷም አብረው። ጎረቤታችን ጋሽ ካሳ ከግራና ገበያ ሲመለሱ ቆመው አዩ። ይሞክሯት አልኳቸው። ከዘራቸውን እንደያዙ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ደረሰ። በዚችማ ውርጌሳ ድረስ ሳላርፍ እሄዳለሁ አሉ። ኮራሁ። ምን ይደረግ፣ ኮራሁ።

የካቲት 11፣ እሑድ

ጉድ ሠራሁ።

ያለ ድምፅ ጎደሎ መሰለችኝ። ልጆች ሳይክላቸው ላይ እንደሚያደርጉት፣ የውሃ ፕላስቲክ ቆርጬ ውልብልቢቷ እየመታችው እንድትዞር አሰርኩ። ድርርርር! ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አጨበጨበ። ሀያትን ብፈልግ የለችም። አልጋ ሥር። ጆሮዋን ይዛ።

አይ እኔ! ከዓለም ሁሉ የምትፈራውን አንድ ነገር መርጬ ገጠምኩላት። ሙያዬን ሳሳይ ልጄን ረሳኋት። ዘሃራ አልተቆጣችም፤ አብሽር ብቻ አለችኝ። እሱ ባሰብኝ። ፕላስቲኩን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ።

የካቲት 13፣ ማክሰኞ

ሀያት አልነካቻትም። አውሮፕላኗ ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር ቆማለች። ዶሮ ክንፏ ላይ ሰፍራለች።

11 ሰዓት። ከሥራ ስገባ ፔዳሏ ላይ አቧራ አየሁ። የትንሽ ጫማ ዱካ። አልጠረግኩትም። ዘሃራ እያየችኝ ትስቃለች።

የካቲት 16፣ ዓርብ

ከጁምዓ ስመለስ ሀያት በአውሮፕላኗ ግቢውን እየዞረችው ነው! ድምፅ የለም፣ የካቴናው ቅጭልጭል ብቻ። ጋሽ ካሳ ከአጥሩ ወዲያ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ «ከፍ በይ ልጄ! የሚያስፈራሽ ከእግርሽ በታች ይሁን!» ብለው መረቋት። አሚን አልን።

አፋችን ሳይዘጋ ከሐራ በኩል እውነተኛው አውሮፕላን እየጮኸ መጣ። ሀያት ፔዳሉን አቆመች። የቤቱ በር ክፍት ነው፣ አልጋው እዚያው ነው። አልሮጠችም። ወንበሯን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ቀና ብላ እስኪያልፍ አየችው። ከዚያ ዞር ብላ፣ አባ፣ የኔ ለምን አትጮህም አለችኝ።

ፕላስቲኩን አወጣሁ። አምስት ቀን ኪሴ ውስጥ ነበር። ከእጄ ነጠቀችኝ፤ እኔ ነኝ የማስረው አለች።

ደብተሬ፣ ቋጠሮዋ ላላ ያለ ነው። ድምፁም ይቆራረጣል። እጄን በልቶኛል፤ ግን አልነካውም፣ እሷ እንዳሰረችው ይቆያል። በሕይወቴ ከበየድኩት ሁሉ ያኮራኝ እኔ ያልሠራሁት ይሄ ቋጠሮ ነው። በቃ ልዝጋህ፣ ወደኔ እየነዳች ነው፣ ፍሬኑን ገና አላሳየኋትም—