ከሳሎኑ ጀምር

ይድረስ ለወንድሜ ለሙአዊያ፤ አሰላሙ ዐለይኩም። የጂዳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ስልክ ሳወራህ አባባ ከጎኔ አይነሱም፤ ስለዚህ ይህን በጎረቤታችን በሱረያ እጅ ላክሁልህ።

የሸክላ ቤታችንን የውስጥ ልስን እያስቀየርን ነው። አባባ ተቀምጠው ግድግዳውን በከዘራ ያንኳኳሉ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ "ፈንቅለው!" ይላሉ። ድሮ ልስኑ ከመለጠፉ በፊት ራሳቸው ያረጥቡት የነበረውን የሸክላ ግድግዳ አሁን ውሃ የማጠጣው እኔ ነኝ። ግንበኛው እርጥበት ከባሰበት ከመኝታ ቤታቸው ሊጀምር ሲል፣ "የለም፣ ከሳሎኑ ጀምር፤ ሰው የሚቀመጠው እዚያ ነው" አሉት።

"የምን ሰው?" ብዬ ተቆጣሁ።

"አብሽሪ፣ ሰውማ ይመጣል" አሉኝ።

ያስላቸዋል፤ አቧራው ነው ይላሉ። አሸዋ አልቆ ሥራው በቆመበት ሳምንትም "አቧራው ነው" ሲሉ ነበር።

ግንበኛው ልስኑ ሳይደርቅ ቀለም አይቀባም፣ አንድ ወር ይቆይ ቢላቸው፣ "ወርማ ረጅም ነው" ብለው ተጣሉት። እኔም ቀለሙን ሙአዊያ ይምረጥ አልኩ። ያኔ ቀና ብለው በሩን አዩ።

ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ይልሃል። አላህ በደህና ያገናኘን። ልስኑ ሳይደርቅ ና።

እህትህ ሀኒያ፣ ከሐይቅ