ዱርጋ በአባቷ ቤት

ፍራንክፈርት፣ ጥቅምት 23 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.

ለልጄ ለራኬብ፤ ግላስጎው

«አባዬ፣ የአንተ ቤት ቀጠሮ የሚያዝበት ቢሮ እንጂ የኔ ቤት አይደለም። ለገና አልመጣም።»

ቃል በቃል የጻፍሽው ይህ ነው። አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እኔ የጠየቅሁሽ የመምጫሽንና የመመለሻሽን ቀን ብቻ ነበር። ቀኔን አስቀድሜ የማቅድ ሰው ነኝ፤ ይህ ወንጀል መሆኑን አላውቅም ነበር። እናትሽ ግን ደብዳቤሽን ካየች ጀምሮ የምትመልስልኝ በአንድ ቃል ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ንዴት ተጨመረ። ጸሎት ቤታችን እሑድ እሑድ የሚከራየውን የሮደልሃይሙን አዳራሽ የሕንፃው ተቆጣጣሪ፣ ሃውስማይስተሩ፣ ለቤንጋል ሂንዱዎችም አከራይቶት ተገኘ። የዱርጋ በዓላቸው ነው፤ ከክፉ ትጠብቀናለች የሚሏት አምላካቸው ናት። ቅዳሜ ውሌን ይዤ ሄድኩ። አንበሳ ላይ የቆመች ባለ አስር እጅ ምስል መድረኩን ሞልታዋለች። ሰንጉፕታ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ኢንጂነር ተቀበሉኝ።

«ነገ አዳራሹ የእኛ ነው። ያንሱልኝ» አልኳቸው በጀርመንኛ።

ውሌን እስከ መጨረሻው አነበቡት። «ልክ ነዎት። የኛም ውል ልክ ነው። እሷን ግን እኔ አልደፍርም፤ አስር እጅ ያላትን ሴት እርስዎ ራስዎ ተነሺ ይበሏት።»

አልሳቅሁም። «እስከ መቼ ነው የምትቆየው?»

«እስከ ሰኞ። እኛ ዘንድ ዱርጋ ያገባች ልጅ ናት፤ የባሏ ቤት ሩቅ ተራራ ላይ ነው። በዓመት አንዴ ወደ አባቷ ቤት ትመጣለች። አባት ሆነው እስከ መቼ ነው ይላሉ እንዴ?»

ውሌን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። እኔ ውል ይዤ ሳፈገፍግ አይተሽ አታውቂም።

እኛ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ልናመልክ፣ እነሱ እስከ እኩለ ቀን ከበሮ ላይመቱ ተስማማን። አንዲት ከበሮ አልተሰማችም። ከጸሎት ቤታችን ወንድም ግሩም «ከእኛ ይልቅ እነሱ ሰዓት ያከብራሉ» አለኝ፤ እውነቱን ነው።

ሰኞ አዳራሹ መጽዳቱን ላረጋግጥ ስመለስ መሸኛዋ ላይ ደረስኩ። ሴቶቹ ጣፋጭ ወደ ከንፈሯ ያስጠጋሉ፤ ጉንጯን በቅጠል ይዳብሳሉ። አገራቸው ቢሆን ወንዝ ውስጥ ነበር የሚሸኟት፤ እዚህ ስለማይፈቀድላቸው ለከርሞ በሣጥን አድርገው ምድር ቤት ያስቀምጧታል። ሰንጉፕታ ወደ ጆሮዋ ተጠግተው አንድ ነገር ሹክ አሏት። ምን እንዳሏት ጠየቅኋቸው።

«ተመልሰሽ ነዪ ነው ያልኳት» አሉኝ፣ ዓይናቸውን በሻላቸው እየጠረጉ።

ሣጥኑን የሚያወርድ ሰው አነሳቸው። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ። እምነቴን አልለወጥኩም፤ የተሸከምኩት ሣጥን ነው።

ቤት ገብቼ ይህን ለእናትሽ ነገርኳት።

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ለልጅህ ጻፍላት እንጂ» አለችኝ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ረጅሙ ንግግሯ ነው።

ስለዚህ ጻፍኩ። ያልሽውን አልተቀበልኩትም፤ የአባትን ቤት ቢሮ ማለት ነውር ነው። ክፍልሽ ውስጥ የከመርኳቸውን ፋይሎች ግን ትናንት በሙሉ አውጥቻለሁ፤ ማሞቂያውንም አስጠግኜዋለሁ። ስለ መመለሻሽ ቀን የጠየቅሁትን እንዳልጠየቅሁ ቁጠሪው።

እግዚአብሔር በሄድሽበት ሁሉ ይጠብቅሽ፤ ከእኔም ምላስ ጭምር።

የምትመጪበትን ቀንና የበረራሽን ቁጥር እስከ ኅዳር 20 ድረስ በጽሑፍ አሳውቂኝ። በስልክ የሚሰጥ መልስ አልቀበልም።

አባትሽ
ኢሳያስ ዘመንፈስ