ቀይዋን መብራት የሸፈነው ሥዕል

ኅዳር ፲፬ ቀን፣ ደብረ ታቦር።

መኪናዬ ዛሬ ሞተች። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሁለት በሬዎቿን ሸጣ የጎደለኝን ሞልታ ያስገዛችኝ ፒካፕ ናት። ከገሳይ ስንመለስ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ተንኳኳ፣ ተንኳኳና ጸጥ አለ። ቤቴ የሚኖሩት ልጄና አስተማሪው ባሏ አብረውኝ ነበሩ።

ይኸው አስተማሪ ለፍልሰታ ጾም "አባባ፣ ቀዩ መብራት በርቷል፣ ዘይቷን ይዩላት" ብሎኝ ነበር። "አንተ ጠመኔህን ያዝ፤ ሳትወለድ ነድቻለሁ" አልኩት። መብራቷ ግን ዓይኔ ላይ እያበራች አስቸገረችኝ። ሰማዕቱ ይጠብቀኛል ብዬ የጊዮርጊስን ሥዕል ለጠፍኩባት።

መካኒኩ መጥቶ ኮፈኑን ከፈተ። የዘይቱን መለኪያ ቢመዘው ደረቅ ነው። "ሞተሩ ተቃጥሏል፣ አባባ" አለኝ። ገብቶ ቁልፉን አዞረና ሥዕሉን ቢያነሳው መብራቷ ቦግ አለች።

"የቱ ቂል ነው ይችን የሸፈናት?" ብሎ ሳቀ። መንገደኛው ሁሉ ከቦናል።

"ይሄ አማቼ ነዋ!" አልኩ። "ልጅ መውለድ ያቃተው ሰው ምኑን ያውቀዋል?"

ሰው ሳቀ። ልጄ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አስተማሪው ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ "አዎ፣ እኔ ነኝ የለጠፍኩት" አለ።

ውሸታም ቢለኝ ዱላዬን አነሳበት ነበር፤ እንደ ወንድ እንጣላ ነበር። እሱ ግን በልጄ ፊት ማረኝ። ሥዕሉን ስለጥፍ ደግሞ ልጄ አጠገቤ ነበረች።

መኪናዋን እረሳት ይሆናል። ይችን ምሕረቱን ግን አልምረውም። ነገ ጧት ቤቴን ልቀቁ እላቸዋለሁ።