የጎደለው መደብ

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ዛሬም ዝናብ። ቁርስ ሻይና ዳቦ። ዳቦው የትናንት።

ጠዋት ያው ክበብ። ወንበር ዘርግተው ዙሪያውን ይቀመጡና ተራ በተራ ይናገራሉ። «ቲቶ እባላለሁ፤ ሱሰኛ ነኝ።» ሌሎቹ በአንድ ድምፅ «እንኳን ደህና መጣህ ቲቶ» ይሉታል። ሰውየው የመጣው በሰኔ ነው። በየቀኑ እንኳን ደህና መጣህ? የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ይሻላሉ፤ እነሱ ቢያንስ ጥቅስ ይይዛሉ።

እኔ ጋ ሲደርስ «ይለፈኝ» አልኩ። እንደ ሁልጊዜው።

ሱሰኛ ማለት ሱሪውን ሽጦ የሚቅም ነው። እኔ ለሆዴ ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት አረቄ እወስዳለሁ። መድኃኒት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የወፍጮ ዱቄት የዋጠ ሰው ምን ይውሰድ? ልጄ ጣቢታ ግን መምህርት ናትና ሁሉን ታውቃለች። ጃጁራ በገበያ ቀን ራሴን አዙሮኝ መንገድ ላይ ወደቅሁ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አዩ። ጎትታ ሆሳዕና አመጣችኝ፤ እዚህ ማገገሚያ አስገባችኝ። ልጄ ያፈረችው ለራሷ ነው እንጂ ለጤናዬ ተጨንቃ አይደለም።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ

ጥበቃው ምሳ ሲሄድ በሩ ጋ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ሴት ልጇን ልትጠይቅ መጣች። «አባባ፣ ጥበቃ ነዎት?» አለችኝ። ዝም ብዬ በሩን ከፈትኩላት። ከእሷ በኋላ ሌሎችም አስገባሁ። አንዱን መታወቂያ ጠየቅሁት። አገላብጬ አይቼ መለስኩለት።

እዚህ ከገባሁ ወዲህ ደስ ያለኝ ከሰዓት ይኼ ብቻ ነው።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

ማኅሌት አስጠራችኝ። የምክር ባለሙያ ነኝ ባይዋ። የልጄ ታናሽ ብትሆን ነው። ለመስቀል ቤቴ እንድሄድ ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ መልሱን ልትሰጠኝ ነው።

ከሰፈራችን ቅርጫ እኔ ቀርቼ አላውቅም። አባቴ ቢላውን ሲያስረክበኝ ገና ጢም አላበቀልኩም ነበር። ከዚያ ወዲህ በሬው ሲጣል እያንዳንዱን መደብ የማወጣው እኔ ነኝ። የአንድም ቤት ድርሻ ጎድሎብኝ አያውቅም።

እሷ የምትለው፣ በዓል ለሱሰኛ ክፉ ነው፤ ሁሉም ቤት መጠጥ አለ፤ ችግሩን ያላመነ ሰው አይወጣም። በክበቡ አንድ ቀን ከተናገርኩ ጣቢታ መጥታ ትወስደኛለች።

«ምን ብዬ ነው የምናገረው?»

«የሚሰማዎትን።»

«የሚሰማኝ ረሃብ ነው።»

አልሳቀችም። እኔም ለማሳቅ አልነበረም።

ካልሄድኩ ቢላውን ታናሽ ወንድሜ ሊሻን ይይዛል። ሊሻን... ዶሮ እንኳ በወጉ መገነጣጠል የማይችል ሰው። ቢላ ደግሞ አንዴ ከእጅ ከወጣ አይመለስም። እሱን ነው የምፈራው። ግን ለዚያ ብዬ ሱሰኛ ነኝ ልበል? አልልም።

መስከረም 1፣ ሐሙስ

አዲስ ዓመት። ቢላ እዚህ ግቢ ክልክል ነው ብለው ኬኩን በፕላስቲክ ማንኪያ ቆረሱት። ተደፈጠጠ። እያጨበጨቡ በሉት።

መስከረም 8፣ ሐሙስ

ስብሰባ። መስቀል እንዴት ይከበር ተባለ። አንዱ ተነሥቶ፣ ከሉካንዳ ሥጋ በኪሎ ይገዛ አለ። አጨበጨቡለት። እዚህ ቤት የማይጨበጨብለት ነገር የለም።

በኪሎ። የመስቀል ሥጋ በኪሎ።

ዝም ልል ነበር፤ አልቻልኩም። ተነሥቼ በሬ ይጣላል፣ መደብ ይወጣል፣ ዕጣ ይጣላል አልኳቸው። ቲቶ እጁን አወጣ። ባጃጅ ነጂ ነበር፤ ዶዮገና ላይ የእናቱን ላም ሽጦ የጠጣ ጀግና።

«ጋሽዬ፣ ተከፋፍሎ ሲያልቅ ተመልሶ አንድ ድስት ሊገባ ነው። መደቡ ምን ያደርግልናል?»

«ድርሻ የሌለው ሰው እንግዳ ነው» አልኩት። «እናንተ እዚህ እንግዳ ናችሁ?»

በሬ ይገዛ ተባለ።

ማኅሌት፣ ቤተሰብ የሚመጣለት ድርሻውን ለቤተሰቡ መስጠት ይችላል አለች። የቲቶ ፊት ተለወጠ። ከእናቱ ከመውሰድ በቀር የሰጣት ነገር ኖሮ ያውቃል? «እንግዲያው እርስዎ ይምሩት» አለችኝ። ቢላው ግን ከእሷ እጅ ወደ እኔ፣ ከእኔ እጅ ወደ እሷ። በዚህ ዕድሜዬ ቢላ በሞግዚት ልይዝ ነው።

እሺ አልኩ። ለእነሱ ብዬ አይደለም። በሬው እንዳይበላሽ ነው።

መስከረም 12፣ ሰኞ

በሬው መጣ። ዳለቻ። የገዛው አብሮን ያለው ፈትሁዲን ነው፤ እኔና ማኅሌት አጠገቡ ቆመን አየን። ሱቁን ጫት በልቶበታል፤ ምላሱን ግን አልበላበትም። ባለበሬውን ሲከራከረው ሰውየው ሳይወድ ሳቀ። እሱ ከበሬው አይቀምስም። ሙስሊሞቹ በጋቸውን በራሳቸው እጅ ያርዳሉ። ተገቢ ነው። እያንዳንዱ በእርዱ።

ቲቶ እንደ ጥላ ይከተለኛል። ከሥጋው ሁሉ ጥሩውን ለራስዎ ያስቀራሉ አይደል አለኝ። የባጃጅ ሰው ሐሳብ። የአባቴን ደንብ ነገርኩት። የሚያከፋፍል ሰው ዕጣ ውስጥ አይገባም፤ ሁሉም ካነሣ በኋላ የተረፈችው መደብ የእሱ ናት። ስለዚህ አንዷንም አያሳንስም።

«ሰው ቢረሱስ?»

አልረሳም አልኩት። ነዘነዘኝ። አባቴ አንድ ጊዜ ረስቶ ነበር፤ አንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤት። ቢላውን መሬት አስቀምጦ ቆመ፤ ስሟን ጠራ፤ «ከእኛ ናት» አለ። ከዚያ ሁሉም ከየመደቡ ቆርሶ ለእሷ አዋጣ። በሌላ መንገድ አይሆንም። የረሳው ሰው ራሱ ቆሞ መናገር አለበት።

«ከባድ ነው» አለ ቲቶ።

ምኑ ይከብዳል? የእነሱ ክበብ አይደለም።

መስከረም 14፣ ረቡዕ

ጣቢታ መጣች። ሌላው እንዳይሰማ በቋንቋችን አወራን።

«አባዬ፣ አንዲት ቃል ናት። ተናገርና እንሂድ።»

«ውሸት አልናገርም።»

«ሊሻን ቢላውን እየሳለ ነው።»

ይህን ለምን ነገረችኝ? እንዲያመኝ ነው። አመመኝ። «ይሳል» አልኳት። ብርቱካን አምጥታ ነበር፤ አልጋው ላይ ትታው ሄደች። በሩ ጋ ስትደርስ ዓይኗን ስትጠርግ አየሁ። በሽማግሌ አባት ላይ በር ዘግቶ ማልቀስ ምን ይባላል?

ብርቱካኑን ለቲቶ ሰጠሁት። ከነልጣጩ ሊበላው ምንም አልቀረው።

አለቀ። ዘንድሮ ቢላው የሊሻን ነው።

መስከረም 16፣ ዓርብ

የአታካና ቀን። ቡላውን በወተትና በቅቤ እያማሰሉ አበሰሉ። ቀጠነ። ሁለተኛ ሲያበስሉ ቆሜ አየሁ፤ ተስተካከለ። ፈትሁዲንም በላ፤ አታካና እርድ የለበትምና ሁሉን ሰው አንድ ማዕድ ላይ ያስቀምጣል። ማኅሌት ዓርብ ነው፣ ቅቤ አለው ብላ አልቀመሰችም። ሽታውን ግን ስትስብ አይቻለሁ።

ችቦ ተከለከለ። እሳት አይፈቀድም። ያለ ችቦ ግቢውን እየዞሩ የመስቀሉን ጭፈራ «ያሆዴ» አሉ፤ ከጃጁራ በኩል የመጣነው «ያሆ» ብለን ተቀበልን። የሰፈር ልጆች ከአጥር ውጭ ሆነው ተቀበሉ። አጥሩ በመሃል።

መስከረም 17፣ ቅዳሜ

እጄ ሥጋ ሥጋ ይሸታል፤ ሆኖም ዛሬውኑ ልጻፈው።

ጠዋት ማኅሌት ቢላውን በጨርቅ ጠቅልላ አመጣች። ባለፈው መስቀል ቢላ ከእጄ ወድቆ ነበር። ቅባት ነክቶት ነው አልኩ ያኔ። ዛሬ አልወደቀም። ቅባቱ ግን ያው ቅባት ነው...

ኮባ አነጠፍን። ቤተሰቦቹ በግድግዳው ጥግ ተደርድረው ያያሉ። ከጉበቱ ለሁሉም፣ ከጨጓራው ለሁሉም፣ ከሽንጡ ለሁሉም፣ አጥንቱ እንኳ ለሁሉም። ሥጋ ሲከፋፈል ሰው አያወራም። ሱሰኞቹም አላወሩም። በክበብ ያልተማሩትን በሬ አስተማራቸው።

ቆጠርኩ። ነዋሪዎቹ፤ ሙስሊሞቹ ሲቀነሱ፤ ማኅሌት፣ አብሳይዋና ጥበቃው ሲጨመሩ። ልክ።

ለዕጣው ሁሉም የየራሱን ምልክት ባርኔጣዬ ውስጥ ጣለ። አንዱ ጠጠር፣ አንዱ እንጨት፣ ጥበቃው ፊሽካውን። ቲቶ የባጃጁን ቁልፍ። ባጃጁ የለም፤ ቁልፉ አለ። እኔ የኮቴን አዝራር በጥሼ በእጄ ያዝኩ፤ በተረፈችው መደብ ላይ ላኖር። አብሳይዋ ዓይኗን ጨፍና እያወጣች በየመደቡ አስቀመጠች። ጠጠር። እንጨት። ቁልፍ። ፊሽካ።

ባርኔጣው ባዶ ሆነ። ምልክት ያልተቀመጠባት መደብ ፈለግሁ። የለችም።

ድጋሚ ቆጠርኩ። እንደገና። «ሙስሊሞቹን ስቀንስ ተምታቶብኝ ነው» አልኩ።

ፈትሁዲን ከበጉ ጋ ሆኖ፣ «ጋሽ አጵሎስ፣ እኛ ልክ ነን። በእኛ አያሳብቡ» አለ። ሳቁ።

ቲቶ አልሳቀም። ጣቱን እያጠፈ ስም ጠራ። ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሽዬ፣ ሱሰኞቹን ቆጠሩ። ሠራተኞቹን ቆጠሩ። ራስዎን የት አስቀመጡ?» አለኝ።

የት አስቀመጥኩ?

ማኅሌት ቶሎ ብላ፣ ምንም አይደለም፣ የእኔን ይውሰዱ አለች። ልታድነኝ ነው። በሰው ድርሻ የሚበላ እንግዳ ነው፤ ይህን ያልኩት ራሴ ነኝ። ደንቡንም ለቲቶ የነገርኩት ራሴ ነኝ። ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀውን ያውቃል። ጥዬ ክፍሌ ልግባ? ልገባ አስቤ ነበር። ግን አንድ ሰው ያለ ድርሻ ትቼ ከመደብ ፊት ተነሥቼ አላውቅም። ያ ሰው እኔ ስለሆንኩ ደንቡ ይቀራል? አባቴ ቢያየኝ ምን ይል ነበር?

ቢላውን መሬት አስቀመጥኩ። ቆምኩ።

«አጵሎስ ተረስቷል» አልኩ። ቤተሰቦቹ ያያሉ፤ አብሳይዋ ዓይኗን ገልጣለች። «አጵሎስ ከእኛ ነው።»

ማንም አላጨበጨበም። ቢያጨበጭቡ ጥያቸው እሄድ ነበር። «እንኳን ደህና መጣህ»ም አላሉኝም። ማኅሌት ጎንበስ ብላ ቢላውን አነሣች፤ በጨርቁ አልጠቀለለችውም፤ መልሳ ሰጠችኝ። ከየመደቡ ቆረጥኩ። ከዚህ ጉበት፣ ከዚያ ሽንጥ፣ ከሌላው ጎድን። ቲቶ ከራሱ የሰጠኝ አጥንት ነው። ለጥርስዎ ብዬ ነው አለ፤ ጥርስ እንደሌለኝ እያወቀ። ፈትሁዲን ደግሞ የበጉን ቆዳ ሰጠኝ፤ ለአልጋዎ ብሎ። ቅርጽ የሌላት፣ የተቆራረጠች መደብ። እንዲህ ያለች አስቀያሚ መደብ በዕድሜዬ አላወጣሁም። አዝራሬን አኖርኩባት።

የቲቶ እናት ድርሻዋን በኮባ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛ ወጣች። ቲቶ እስከ በሩ ሸኛት። ከበሩ አላለፈም፤ ተመለሰ።

መስከረም 18፣ እሑድ

ጣቢታ ከቤት ሥጋ ይዛ መጣች። እዚያም መደብ አውጥተውልኛል። ሊሻን ነው ያከፋፈለው፤ የእሱ መሆኑ ያስታውቃል፤ ሽንጡን እንደ እንጨት ፈልጦታል። የማን መደብ እንዳነሰ ጠየቅሁ። የማንም አላነሰም አለች። ይገርማል።

ማኅሌት ለእሷ የነገረቻት ነገር አለ መሰል፣ አጠገቤ ተቀምጣ ምንም አልጠየቀችኝም። አዝራር የሌለውን ኮቴን እያየች መርፌ አላችሁ ወይ ብቻ አለች።

አሁን መሄድ ይችላሉ ተባልኩ። አሁን? በሬው ከተበላ በኋላ? የጀመርኩትን ጨርሼ እሄዳለሁ አልኳቸው። ቢላው ሊሻን ጋ ይቆይ። እየሳለ ይጠብቀኝ።

መስከረም 20፣ ማክሰኞ

ክበብ። ዳቦው ዛሬም የትናንት። ተራዬ ሲደርስ «ቅዳሜ ተናግሬያለሁ፤ ሁለቴ አልናገርም» አልኩ። ማኅሌት «ልክ ነው» አለች። ይኼን ክበብ አሁንም አልወደውም።

መስከረም 25፣ እሑድ

ጥበቃው ምሳ ሄዶ በሩ ጋ ነበርኩ። አንድ ወጣት ከሙዱላ አጎቱን ይዞ መጣ። ሰውየው የእኔ ዕድሜ ቢሆን ነው፤ ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ አውርዷል።

«አባባ፣ ጥበቃ ነዎት?» አለኝ ወጣቱ።

«አይደለሁም» አልኩት። «ከእነሱ ነኝ።»

ሰውየው ሲጠጋኝ ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ። ሳልጠይቀው፣ «ለሆዴ ነው» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩት። በሩን ከፈትኩ። መታወቂያ አልጠየቅሁትም።