በቦታህ የገባችው

ሹንጂ፣
ሩዙ ማብሰያው ውስጥ አለ። ረፋዱ ላይ ጋዙን የሚጠግነው ሰውዬ ይመጣል፣ ክፈትለት።

ትናንት ጌም ቤት የናምባ ሰፈር ልጆች በድብድቡ ጌም ዘረሩኝና ሳቁብኝ። «ስትደነግጥ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ነው የምትዘለው፤ ሹንጂ ነግሮናል» አሉኝ። ይህን ጉዴን ያየኸው እዚሁ ቤት፣ ጌሙን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተን ለሦስታችን ቡድን ስንለማመድ ነው! ለካ እሁድ በውድድሩ ከእነሱ ጎን ልትሰለፍ ኖሯል። አንድ ማዕድ እየበላን ትንፍሽ አላልክም።

ቀዩን ጆይስቲክህን ግድግዳ ላይ የወረወርኩት እኔ ነኝ። እሱ እንኳ አልበደለኝም ነበር። ሌላ አመጣልሃለሁ።

በአንተ ቦታ እህትህን ቺናትሱን አስመዝግበናል። «ከማን ትጀምሪያለሽ?» ብላት፣ «ወንድሜን ለእኔ ተዉልኝ» አለች።

ኮሄይ