የማይለቅ እጅ

ዓርብ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ አውሮራ፣ ኮሎራዶ

ከቅዳሴ ስመለስ ካፒቴኑ ደወለ። «አንድ ሲዝን ብቻ፣ ኬፕ ቨርዴ። ካንተ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም» አለኝ። ከሞምባሳ እስከ አውስትራሊያ፣ ለስፖርት ዓሣ በሚያጠምዱ ሀብታሞች ጀልባ ላይ ዕድሜዬን የጨረስኩት ከእሱ ጋር ነው። ማታ እደውልልሃለሁ አልኩት።

ሥራዬ ማርሊን የሚሉት ግዙፍ ዓሣ ጀልባው ጋ ሲደርስ ገመዱን እጄ ላይ ጠቅልሎ መያዝ ነበር። ዓሣው መልሶ ከሸሸ ወዲያው መልቀቅ ነው፤ አለዚያ ሰውን ይዞ ባሕር ይገባል። ዘንድሮ ደግሞ የቀኝ እጄ ጣቶች ይደነዝዛሉ።

ከሰዓት ሃቫና ጎዳና ላይ ከሱቆቹ ጀርባ ፓርክ አድርገን፣ ባለታክሲውን ጓደኛዬን ተፈራን የገመድ አንድ ጫፍ አስያዝኩትና ሌላውን እጄ ላይ ጠቅልዬ «ድንገት ሳብ አድርገው» አልኩት።

«አንተ ሰውዬ፣ በስተርጅና ዓሣ አደረግኸኝ?» እያለ ሳበው።

ጣቶቼ አልተፈቱም። ተጎትቼ በጉልበቴ ወደቅኩ።

ተፈራ ሳቁን አቆመና አነሳኝ። «የኮሎራዶ ብርድ ነው፤ እዚያ ሙቀቱ ያፍታታዋል። ለሰውየው ምንም አትበለው» አለኝ።

ቤት ገብቼ ጸሎቴን አደረስኩ። መሄዱን ፈልጌዋለሁ፤ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እዚህ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ግን እኔ ባሕር ብገባ ካፒቴኑ ዘሎ ይከተለኛል። አውቀዋለሁ። እሱ ልጆች አሉት።

ደወልኩና «እጄ አይለቅም» አልኩት።

እሱም «ጀልባው ላይ ምግብስ ታበስላለህ?» አለኝ።

ዓሣ ስይዝ ኖርኩ እንጂ መጥበሱን የምታውቀው ባለቤቴ ነበረች። ላስብበት አልኩት።